የሚመታው እብጠት

ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ ብቻውን በሚኖርባት ክፍል፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ደሙ ራሱ ላይ የታሰረውን ፋሻ አልፎ ትከሻው ላይ ደርቋል።

ፖሊስ የያዘው ሴት ልጁን ነው። ከአንድ ወር በፊት ተጣልታው ስትወጣ የወረወረችው በር ጆሮ ግንዱን መትቶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ከተፈረደባት ሁለት ሕፃናት ልጆቿ ያለ እናት ሊቀሩ ነው።

መርማሪዋ አስከሬኑን ደጋግማ አየች። ከጆሮው በላይ ያለው ቁስል አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ዙሪያው ያለው ጸጉር ተላጭቷል። በንዴት የሚመታ ሰው ጸጉር አይላጭም።

ጎረቤቱን ጸጉር አስተካካይ ጠየቀችው። እዚያ ቦታ ላይ እብጠት እንደነበረ፣ ሊላጨው ሲል ጣቱ ሥር ስለመታበት እንደተወው ነገራት።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ልብ አለው እንዴ አልኳቸው። ሳቁ። ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው ነበር።»

በሽማግሌው መሳቢያ ውስጥ ሆስፒታል የተነሳው የጭንቅላቱ ምስል ተገኘ። ያነሳችው ሐኪም ለመርማሪዋ አስረዳቻት፦ የጭንቅላት ቆዳ ደም ስር በምት ሲሸነቆር ደም ከቆዳ ሥር ይቋጠራል፤ ሐሰተኛ አኑሪዝም ይባላል። ከሳምንታት በኋላ ስለሚያብጥ እባጭ ይመስላል። በአልትራሳውንድ ሲታይ ግን ውስጡ ደም ይሽከረከራል፤ ምስሉ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ የሆነው ለዚህ ነው። ደም ስሩ በቀዶ ጥገና ይታሰራል እንጂ እንደ እባጭ አይበጣም።

በማግስቱ ሴት ልጁን፣ ጸጉር አስተካካዩንና የሰፈሩን ቁስል አጣቢ በዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ቁስል አጣቢው ሽማግሌውን ካየ ዓመት እንዳለፈው ተናግሮ ነበር።

«በሩ አሳበጠው እንጂ አልገደለውም» አለች መርማሪዋ። «የገደለው ስለት ነው። ጸጉር አስተካካዩ ዳስሶታል፤ እንደሚመታ እያወቀ አይቆርጠውም። የበጣው ሳይዳስስ እባጭ ነው ያለ ሰው ነው። ፋሻውም ከኋላ ሁለቴ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ ተወሽቋል፤ ሰው ራሱን በራሱ እንዲህ አያስርም።»

በፋሻ የተጠቀለለ ጣቷን ለቁስል አጣቢው አሳየችው።

«ትናንት ተቆረጥኩ ብዬ እርስዎ ጋ መጥቼ ነበር። አስተሳሰሩ አንድ ነው።»

ቁስል አጣቢው አቀረቀረ።

«መግል መስሎኝ ነው፣ እህቴ። ደሙ ሲፈናጠር ደነገጥኩ። ጨምቄ አሰርኩና ቆመ ብዬ ሄድኩ። ሆስፒታልማ ሄደው ነበር። ምን እንዳሏቸው አልጠየቅኩም። ‹ለቀዶ ጥገናው አስታማሚ ይዘው ይምጡ አሉኝ፤ ሰው ከየት ላምጣ፣ እዚሁ ገላግለኝ› አሉኝ።»

መርማሪዋ ለልጂቱ መሄድ እንደምትችል ነገረቻት። አልተነሳችም።

«የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ መቼ ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«ዛሬ፣ ከሰዓት በኋላ» አለቻት መርማሪዋ።

«ዛሬ እኮ» አለች ልጂቱ፣ «የዕረፍት ቀኔ ነው።»