ወደ ራስሽ አዙሪው

ወጣቱ ሹፌር ከመታጠፊያው በታች በአንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል። መኪናዋ ራቅ ብላ በጣሪያዋ ተገልብጣለች። ከሞተሯ የፈሰሰው ዘይት ከአስፋልቱ መሀል ጀምሮ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ጥቁር መስመር አስምሯል። መርማሪዋ ዘይቱን ላለመርገጥ ዳር ዳሩን ወረደች፤ «ነፍስ ይማር» አለችና ዝም አለች። ዝምታ ልማዷ ነው። ባልደረቦቿ «እሷኮ ጆሮ ብቻ ናት» ይሏታል፤ ሲያሟትም ሲያደንቋትም ያው ነው።

«እኔ ከኋላው ነበርኩ» አለ ጎማው። ይህን ስም ያወጡለት ለክንዱና ለአንገቱ ውፍረት ነው። የሟቹ ጓደኛም ተፎካካሪም ሲሆን፣ ሁለቱም መኪናቸውን የሚያሠሩት አንድ ጋራዥ ነው። «ለዳገቱ ውድድር እየተለማመድን ነበር። እንደዛሬ ስትበር አይቻት አላውቅም! በመስኮት እጁን አውጥቶ እየሳቀ አውለበለበልኝ። ወዲያው ሞተሯ ጓ! አለ፤ ዘይቱ ጎማዋ ሥር ፈሰሰና… አለቀ።»

የሟቹ ታላቅ እህት አንድ ጫማዋ ወልቆ እየሮጠች መጣች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። አንሶላው አጠገብ ወደቀች። ድምፅዋ ሲመለስላት የመርማሪዋን እጅጌ ያዘች።

«አልደከመችም? ዳገቱ ላይ አልደከመችበትም?»

«ማን፣ እህቴ?»

«መኪናዋ!»

መኪናዋን የሚሠራው ሽማግሌ መካኒክ ቱታውን እንደለበሰ ከበስተኋላ ብቅ ሲል አየችው። ተስፈንጥራ ተነሳች። «አንተ ነህ! አንተ ነህ ወንድሜን የበላኸው!»

ሰውየው፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት፣ ባርኔጣውን አውልቆ አቀረቀረ።

በማግስቱ የተጎተተችው መኪና ጋራዥ ገባች። ኮፈኗ ሲነሳ አንዱ ፒስተን ቀልጦ ተገኘ።

«ተርቦ ማለት» አለ ጋሼ፣ መርማሪዋ አስረዳኝ ብላው፣ «በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ አየር የሚያጎርስ ነው። ጉርሻው ሲበዛ ደግሞ ሞተር ይታነቃል። ይቺ ትንሽ በር ጭሱን አስተንፍሳ አደብ ታስገዛዋለች። በሯን የሚይዛት ይሄ ዘንግ ነው፤ ካጠረ በሯ አልከፈት ትላለች፣ ግፊቱም ይጨምራል። ከረዘመ ቶሎ ትከፈታለች፣ መኪናዋ ትደክማለች።»

«አሁንስ?»

«አጥሯል። እኔ ካሰርኩት ብዙ አጥሯል።» በጣቱ ዘንጉን ለካ። «ሥራ ስጨርስ ማጥበቂያ ዳዶውንና ዘንጉን አገናኝቼ አንድ ቢጫ መስመር እቀባለሁ። ይኸው፣ መስመሬ ተሰብሯል።»

«ተጨማሪ ግፊት ጠይቆዎት ነበር ይባላል።»

«ጠይቆኛል። አዲስና ትልቅ ተርቦ ገጥሜለት ሳለ 'ጨምርልኝ' ብሎ ጮኸብኝ፤ እኔም 'መቃብርህን በእጄ አልቆፍርም' ብዬ ጮህኩ። ሰፈር ሰምቷል።»

ሰፈር መስማቱ ነው ጋሼን የጎዳው። የመርማሪዋ አለቃ ነገሩ ያለቀ መስሎታል፦ ተጣሉ፤ የጋራዡ ቁልፍ በጋሼና በሟቹ እጅ ብቻ ነው፤ ሙያውን የሚያውቀው ደግሞ ጋሼ ነው። ሽማግሌው ያን ቀን ጣቢያ አደረ።

መርማሪዋ ግን የእህትየዋ ጥያቄ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። ሰው ሁሉ «ለምን እንዲያ በረረች?» ሲል እሷ ብቻ «አልደከመችም?» አለች። ቤቷ ሄደች። እህትየዋ የወንድሟን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

«ለማን ነው?» አላለቻትም። ተቀመጠችና ጠበቀች።

«አሮጌው ተርቦ እያለ ረዳቱ እኔ ነበርኩ» አለች እህትየዋ ቆይታ። «የሱ እጅ አይገባም፤ የኔ ቀጭን ነው። 'እታለም፣ እንድትበር ግፊው፤ እንድታርፍ ወደ ራስሽ አዙሪው' ይለኛል። የብሎን መፍቻውን ስይዝ ደግሞ 'ኧረ ወጥ ማማሰያ አደረግሽው!' እያለ ይስቅብኛል።»

«አዲሱስ ሲገጠም?»

«ተኳርፈን ነበር። ውድድሩን ተው ብዬው… አልሄድኩም።» ካውያውን አቆመችው። «በዚያ ሰውዬ ላይ ፍረዱልኝ ብቻ።»

መርማሪዋ ተሰናብታ ወጣች። በእውነቱ አንድ ጫፍ የሽማግሌው ነፃነት አለ፤ በሌላው የዚች ሴት ልብ። ደጁ ላይ ቆማ ጸለየች፤ ጥበብ አልለመነችም፣ የለመነችው የሚያቆስል አፍ እንዳይሰጣት ነው።

ጋሼን፣ ጎማውንና እህትየዋን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አለቃዋ ካቴናውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። የሥራ ጠረጴዛው ላይ አሮጌውና አዲሱ ተርቦ፣ መኪናዋ ላይ እንደነበሩት ሆነው በብረት ማሰሪያ ሞርሳ ታስረዋል።

«ጋሼ ቢያጠፉ ኖሮ» አለች መርማሪዋ፣ «የገዛ መስመራቸውን ሰብረው አይተዉትም ነበር። ቢጫው ቀለም መደርደሪያቸው ላይ ነው፤ አንዴ መቀባት ነው። ይህን የነካው ሰው ምልክት መኖሩንም አላወቀም።»

«እኔስ?» አለ ጎማው፣ ላቡን እየጠረገ።

«እጅህን ወደ ሞተሯ ክተት እስቲ።»

ጎማው ሞከረ፤ ክንዱ ቱቦው ላይ ተቀረቀረ።

«ይሄ እጅ ነው ወይስ የበሬ ጭን?» አለ ጋሼ፤ ወዲያው በመናገሩ አፈረ።

«ቱቦውን ሳይፈታ አይደርስም» አለች መርማሪዋ። «የቱቦው ማሰሪያ ደግሞ ተርቦውን እስክናወርድ ድረስ አቧራው እንኳ አልተነካም ነበር። ስለዚህ እጁ ቀጭን ነው። ዳዶውን መልሶ አጥብቆታል፤ እንዳይላላ ተጠንቅቋል። ክፉ የሚያስብ ሰው እንዲህ አይጨነቅም።» ወደ እህትየዋ ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የኔ እህት፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ገደሉ ሥር የጠየቅሽኝን አልሰማሽውም። እንድትደክም ጠብቀሽ ነበር።»

እህትየዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ቀና አለች። «አዎ! በወንድሜ የጋራዥ ቁልፍ ገብቻለሁ፤ ጋራዡ ዝግ ነበር፣ እሱ ተኝቶ ነበር። ወደ ራሴ አዞርኩት። እንድትደክም፣ እንዲሸነፍና እንዲተወው። እኔ ቀንሼ ነው የወጣሁት! ከእኔ በኋላ ነው ይሄ ሰውዬ የጨመረው!»

«አሳዪኝ። በአሮጌው ላይ።»

እህትየዋ መፍቻውን አንስታ ወደ ራሷ ሳበችው። ዘንጉ ረዘመ። «አያችሁ?»

«አሁን በአዲሱ።»

ያንኑ እጅ፣ ያንኑ አሳሳብ ደገመችው። ዘንጉ አጠረ። ተጠግታ አየችው። እንደገና ሳበች፤ አሁንም አጠረ።

«አዲሱ ትልቅ ስለሆነ ቦታ አልበቃውም» አለ ጋሼ በተሰበረ ድምፅ። «የዘንጉን ማስተካከያ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሬ ነው የገጠምኩት። ለልጁ ነግሬዋለሁ። ለአንቺ… ማን ይነግርሻል፣ ተኳርፋችሁ።»

መርማሪዋ ዓይኗን አላሸሸችም፤ ያቆሰለ ሰው ቢያንስ ማየት አለበት ብላ ታምናለች።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለች እህትየዋ። «እሱን እንደጠላሁ ብትተይኝስ?»

«ጋሼ የአንቺን ሸክም ተሸክመው ወህኒ ይውረዱ?»

እህትየዋ ሽማግሌውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ራሷን ነቀነቀች፤ አይውረዱ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ጎማው ዞረች። «እጁን ሲያውለበልብ… ደስ ብሎት ነበር?»

ጎማው ዓይኗን እያየ መለሰ። «በጣም። 'ጋሼ ጨመረልኝ' ብሎ ያሰበ ይመስለኛል።»

አለቃው ካቴናውን ኪሱ ከተተ። «ሕጉ ነገ የሚለውን ይላል» አለና ወጣ።

እህትየዋ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አሁንም መፍቻውን ጨብጣለች፤ ልቀቂ ቢሏት እጇ አልታዘዝ አላት። ጋሼ እንደ ዛገ ብሎን ቆጥሮት በችኮላ አልታገለውም። አጠገቧ ተንበረከከና ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ ፈታቸው።