ሰማያዊዋ ብስክሌት

የብስክሌት ክለቡ አባላት ሻይ ቤት ገብተው ሻይ ጠጥተው ሲወጡ ሰማያዊዋ ብስክሌት የለችም።

ልብስ ሰፊዋ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ብስክሌቷ የሟቹ ልጇ ነበረች። ከዓመት በፊት እሷን ሲነዳ ከተማው መውጫ ላይ አንድ መኪና ገጭቶት አምልጧል። ባለፈው ሳምንት የኋላ ጎማዋን ስታስፈታ፣ ከውስጥ በኩል ብረቱ ላይ ተፍቆ የቀረ አረንጓዴ ቀለም አገኘች። ለፖሊስ ደወለች።

«ሰኞ ይዘዋት ይምጡ» አላት መርማሪው። «ቀለሙ የመኪናውን ባለቤት ሊነግረን ይችላል።»

ዛሬ እሑድ ነው። ሌላ ማስረጃ የላትም።

«ብረት ሰብሳቢው ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ጋሪ የሚገፋ ሰው ቅድም በመስኮቱ ሲያልፍ ታይቷል። ይሄ ክለብ ዝግ ብሎ መንዳት ነው ደንቡ፤ ኤሊ ብትቀድማቸው መንገድ የሚለቁ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ግን ብስክሌት መያዙንም ረስተው በእግራቸው ሮጡ። ጋሪው ውስጥ ያገኙት ሁለት የዛገ በርሜልና አንድ የተበሳ ድስት ነው። ይቅርታ ጠይቀው እያለከለኩ ተመለሱ።

«አይዞሽ እህቴ፣ የትም አትሄድ» አሏት መምህሩ ትከሻዋን ይዘው።

መምህሩ ጎረቤቷ ናቸው። ልጇን አስተምረዋል። በሐዘኗ ሰሞን ከደጇ አልጠፉም። በሃምሳ ዓመቷ ብስክሌት ያስለመዷትም እሳቸው ናቸው፤ ኮርቻውን ከኋላ ይዘው «አለሁ፣ አለሁ» እያሉ ሲሮጡ ሰፈሩ በሳቅ ፈርሷል። የቀለሙን ነገር የነገረችው ለእሳቸው ብቻ ነው። «አረንጓዴ መኪና ሞልቷል፣ ብዙ ተስፋ አታድርጊ» አሏት። «ብቻ ሳታስረክቢያት አንድ ቀን ንጂያት።»

ልብስ ሰፊዋ ብስክሌቶቹ ወደተደገፉበት ግድግዳ ተመለሰች። ክለቡ የራሱ መላ አለው። መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ረጅሙን ሰንሰለት በሁሉም ጎማ አሳልፎ ይቆልፋል፤ ቁልፉንም እሱ ይይዛል። ሰንሰለቱ አልተቆረጠም። ሌሎቹ ስምንት ብስክሌቶች እንደታሰሩ ናቸው።

ዓይን ሁሉ ዳቦ ጋጋሪው ላይ አረፈ። የዛሬው ባለቁልፍ እሱ ነው።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ከወንበሬ ተነስቻለሁ? ሦስተኛ ብርጭቆዬን ስጨምር ስትስቁብኝ አልነበር?»

እውነቱን ነው፤ ስቀውበታል።

«ስትቆልፍ የእኔን ጎማ ነክተሃል?» አለችው።

ዳቦ ጋጋሪው ጭንቅላቱን አከከ። «እውነቱን ልንገርሽ? ሰማያዊ ነገር አላየሁም። ይዘሻት የገባሽ መስሎኝ ነው።»

ያልታሰረ ነገር አይፈታም። ብስክሌቷ ከግድግዳው አጠገብ ጭራሽ አልቆመችም ማለት ነው። ቀድመው የደረሱት ደግሞ እሷና መምህሩ ብቻ ናቸው። ሌላ ጊዜ የቸኮለን ሁሉ የሚቆጡት ሰውዬ ዛሬ «እንቅደማቸው» ብለው አጣደፏት። ሲደርሱም፣ «አንቺ ሻዩን እዘዢ፣ እኔ አቆምልሻለሁ» አሉ። መሪውን በእጇ አስረከበቻቸው።

የሻይ ቤቷን ባለቤት ጠየቀቻት። «ጋሼ ቅድም ወደ ጓሮ ወርደው ነበር?»

«አዎ፣ በድንጋይ ማውጫው በኩል ተመለሱ። እጃቸው ጭቃ ነበር፤ እኔው ነኝ ያስታጠብኳቸው።»

ድንጋይ ማውጫው ውሃ የሞላው ጉድጓድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ዞረች።

«ጋሼ፣ መኪናዎን ለምን ነበር የሸጡት?»

«ዓይኔ ደክሞ ነዋ፣ ታውቂ የለ።»

«ቀለሟ ምን ነበር?»

ሁሉም ያንን አረንጓዴ መኪና ያውቁታል። ከቀብሩ በኋላ ወር ሳይሞላው ነበር የተሸጠው። እሷ ያኔ ለዓይናቸው አዝና ነበር።

«ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች» አሉ መምህሩ በመጨረሻ። «አላየሁትም። በልጆቼ እምልልሻለሁ፣ አላየሁትም። ከዚያ ፈራሁ።»

«በሕይወት ነበር?»

መሬት መሬት አዩ።

«ተናገር!»

ሰው ሁሉ ደነገጠ። ልብስ ሰፊዋ መምህሩን አንተ ብላ አታውቅም።

«ነበር» አለ። «ወርጄ አየሁት። አወቀኝ። 'መምህር' ብሎ ጠራኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ያዘች። አላለቀሰችም። ንዴቱ እንባዋን ቀድሞት ነበር።

«አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላዬ 'አለሁ፣ አለሁ' እያልክ ሮጥክ» አለችው። «ልጄ ሲጠራህ አንዴ 'አለሁ' ብትለው ምን ነበረበት?»

የሻይ ቤቷ ባለቤት ለፖሊስ ደወለች። ዳቦ ጋጋሪው ገመድ ይዞ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ብስክሌቷ ጭቃ ለብሳ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ ሹራቧን አውልቃ ቀለሙ ያለበትን ብረት ጠቀለለችው። መምህሩ በልማዱ ሊያግዛት እጁን ዘረጋ።

«እንዳትነካት» አለችው፤ ፖሊሶቹ እስኪመጡም ኮርቻዋን ይዛ ቆመች።