ብርጭቆ አፍ ላይ የተወጠረው ቆዳ

የማታምኑኝ እንደምትበዙ አውቃለሁ። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ስቄ አልፍ ነበር... ግን በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ገደማ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የቤተ ሙከራውን ጠረጴዛ አጥለቅልቃዋለች። እኔና አለቃዬ ጋሼ ብቻ ነበርን።

ሥራችን መድኃኒትን በቆዳ ማሳለፍ ነው። ከቅባት የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ለስላሳ ከረጢቶች እንሠራለን። መድኃኒቱን በሆዳቸው ይዘው፣ ድመት በአጥር ቀዳዳ እንደምትሾልክ፣ እየተጣበቡ በቆዳ ውስጥ ያልፋሉ።

የጋሼ ባለቤት መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል። ክኒኑ ጨጓራቸውን ጨርሶታል። የቀራቸው ተስፋ ይሄ ነበር።

ጋሼ ጠዋት፣ "መጀመሪያ በእኔ ይታይ" ብለው ከመድኃኒቱ ክንዳቸው ላይ ጠብ አደረጉ። ለሙከራ ደግሞ፣ ከሞተ ሰው በስጦታ የተገኘ ቁራጭ ቆዳ ላይ ቀባን። ቆዳው ውኃ በሞላው ብርጭቆ አፍ ላይ ተወጥሯል።

ከሰዓት፣ ውኃውን በሰው ገላ ልክ የሚያሞቀውን ማሞቂያ አጠፋሁ። ቆይቼ ቆዳውን ነካሁት።

ይሞቃል...

"ጋሼ... አልቀዘቀዘም።"

"ትንሽ ጠብቂው።"

ጠበቅን። ቆዳው ላይ ያሉት ጸጉሮች አንድ በአንድ ቆሙ።

"ነፋስ ነው" አሉ በሹክሹክታ።

"መስኮቱ እኮ ዝግ ነው።"

ጋሼ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያስቁ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን አልቀለዱም። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መድኃኒቱ የነካው ቦታ አመድ መስሏል።

"እስቲ ቆንጥጪኝ።"

ቆነጠጥኳቸው።

"ጠበቅ አድርጊው!"

"አጥብቄ ነው የያዝኩት... አይሰማዎትም?"

"ምንም።"

ያኔ ዞር ብዬ አየሁ...

ብርጭቆው ላይ ያለው ቆዳ ቀልቷል። የሁለት ጣት ምልክት ወጥቶበታል።

"እናቃጥለው፣ ጋሼ!"

"አብደሻል? እኔን ቢያቃጥለኝስ?"

ለባለቤታቸው ያዘጋጇትን ብልቃጥ ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሯት።

"ደብቂልኝ። ስታቃስት ከሰማሁ... አልችልም፣ እቀባታለሁ።"

መልስ ልሰጣቸው ስል ቆዳው ተነሣ። ከታች፣ ውኃ ብቻ ካለበት በኩል፣ አንድ ነገር ገፋው...

የጣት ጫፍ ነበር።

ቀስ ብሎ... ዓይነ ስውር የሰው ፊት እንደሚዳስስ... ቆዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዳስስ ጀመር።