ስድስት ተቆጥሮ ያልጠፋው መብራት

የኤሌክትሪሺያኑ ሚስት ቢሮው ሳይከፈት በሩ ስር ተቀምጣ ጠበቀች። መርማሪዋ ቁልፏን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ሴትየዋ ጉልበቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ተነሺ እንጂ! እኔንም ልትጥይኝ ነው?»

«ባሌ ሰው ገድያለሁ ብሎ ፈርሟል። አልገደለም! ነገ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል? እናቴ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷን ትታጠባለች፣ ባሌ እስር ቤት። እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?»

መርማሪዋ አጭር፣ ወፍራም፣ ነገር ደጋግማ የምትጠይቅ ሴት ናት። ፋይሉን አንብባዋለች። አንዲት አዋላጅ ነርስ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተጋጭታ ሞታለች። የመሪው ኤርባግ አልወጣም። ቢወጣ ኖሮ ትተርፍ ነበር ብሎ ሐኪሙ ጽፏል። ኤርባጉን የሚያዘው ኮምፒውተር ከማርሹ በታች ወለሉ ላይ የሚታሰር ትንሽ ሳጥን ነው። ሲከፈት ውስጡ ተቃጥሎ ጠቁሮ ተገኘ። ከወር በፊት የጠገነው ደግሞ የዚህች ሴት ባል ነው፤ ፎቶውን ሲያሳዩት አለቀሰና ፈረመ። እኔን ከጠየቃችሁኝ እንዲህ ያለ ፊርማ መቀደድ አለበት፤ ሐዘን የያዘው ሰው ምን ቢሰጡት ይፈርማል።

ሰውየውን ሁሉም ፊውዝ ነው የሚለው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል። መርማሪዋ እስር ቤት ስታገኘው ግን የሚቃጠል ነገር አልቀረውም ነበር።

«ሳጥኑን ምን አደረግከው?»

«ከምንጣፉ ስር ውሃ ገብቶበት ነበር። የዛጉ ሁለት ዕቃዎች አውጥቼ አዲስ በየድኩለት። በሦስት ብሎን አሰርኩትና ከየብሎኑ ራስ ብሎኑ እስከሚያልፍበት የሳጥኑ ጆሮ ድረስ በሚስቴ የጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመርኩ።»

«ለጌጥ?»

«ሰው ከነካካው መስመሩ ይለያያል፤ በዚያ አውቃለሁ። ከዚያ አዋላጇን መሪው ላይ አስቀመጥኳት። ‹ቁልፉን ክፈቺ፣ ሞተር አታስነሺ፣ ስድስት ቁጠሪ፤ የኤርባጉ መብራት ራሱ ከጠፋ ሳጥኑ ጤነኛ ነው› አልኳት። ጠፋ። ‹እኔ የምጥ ደቂቃ ስቆጥር ነው የምውለው፣ ይሄማ ቀላል ነው› ብላ ሳቀች።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እትዬ፣ አይልፉ። እጄ ነው የገደላት።»

«ሳጥኑን በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ፎቶውን አይቻለሁ።»

«ፎቶ!» አለችና ተነሳች።

ቀጥላ የተጋጨችው መኪና ወደተቀመጠችበት ግቢ ሄደች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሆዷ ተኝታ ስትመለከት ቆየች፤ ስትወጣ ቀሚሷ ለሰላምታ የሚበቃ አልነበረም። ሦስቱ ብሎኖች ራሳቸው ላይ ቀይ ቀለም አላቸው። የተቃጠለው ሳጥን ጆሮዎች ግን ንጹሕ ናቸው፤ መለያ ቁጥሩም ተልጧል።

የሟቿ ባል የሒሳብ መምህር ነው። የሚስቱ ነጭ ጋዋን አሁንም ወንበር ላይ ተሰቅሏል።

«ያ ሰው ይሰቀልልኝ» አለ ገና ሳይጠየቅ።

«መጀመሪያ ንገረኝ። ባለቤትህ ጠዋት ጠዋት ስድስት ትቆጥር ነበር?»

መምህሩ ደነገጠ። «በየቀኑ! ጮክ ብላ። ‹ቁጥሩን ለኔ ተዪው› እያልኩ አበሽቃት ነበር። እሁድ ጋራዥ ሄዳ የፍሬን ሸራ አስቀየረች። ሰኞ ስድስት ቆጠረች፣ አልጠፋም። እስከ አስር ቆጠረች። ሞተሩን ስታስነሳ ግን እልም አለ። ግራ ገብቷት ለጋራዡ ስልክ ደወለች፤ ‹ችግር የለውም› አሏት። ሐሙስ ሞተች።»

«ማን ነው ችግር የለውም ያላት?»

«ያው እሱ ነዋ! ሌላ ማን?»

ፊውዝ የሚሠራበት ይህ ጋራዥ የአማቱ፣ የሚስቱ አባት ንብረት ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው።

«ጎበዝ ልጅ ነው» አሉ። «ምን ላድርግ፣ ተሳሳተ።»

መርማሪዋ እየሰማቻቸው ዕቃ ቤቱን በዓይኗ ትዞራለች። መደርደሪያው ላይ የኤርባግ ኮምፒውተር ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን አለ፤ ፕላስተሩ አልተነካም።

«ይሄስ?»

«የደንበኛ ዕቃ ነው። ሴትየዋ በሞተች ማግስት፣ አርብ ነው የደረሰው።»

ግቢው ውስጥ የልጃቸው መኪና ቆማለች። ከአዋላጇ መኪና በቀለም ብቻ ነው የምትለየው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ አራቱንም እዚያው ጋራዥ ሰበሰበቻቸው፤ ፊውዝን ከነካቴናው፣ ሚስቱን፣ መምህሩንና ባለጋራዡን። የተቃጠለውን ሳጥን ፊውዝ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«በል ብየዳህን አሳየኝ።»

ፊውዝ አገላበጠው። ወደ ብርሃን አስጠግቶ ውስጡን አየ። «የኔ ብየዳ የለበትም። ይሄ… ይሄን ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ ማንም አልበየደውም!»

«ቀለምህስ?»

«የለም።»

«ብሎኖቹ ላይ ግን አለ። ስለዚህ ብሎኖቹ የዚያችው መኪና ናቸው፣ ሳጥኑ ግን ተለውጧል። የሞተ ሳጥን ሲገጠም ደግሞ መብራቱ አይጠፋም፣ ባለቤቷም ትነቃለች። ስለዚህ የለወጠው ሰው የመብራቱን ሽቦ ከዘይት መብራት ጋር አገናኘው፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ አግኝቼዋለሁ። የዘይት መብራት ሞተር ሲነሳ ይጠፋል። አዋላጇ ሰኞ ያየችው ይሄንን ነው። እስከ እሁድ ድረስ ስድስት ሲቆጠር ይጠፋ ነበር። እሁድ መኪናዋ የት ዋለች? እዚህ።»

«እሁድ እኔ አልሠራም» አለ ፊውዝ።

«ሰኞስ?»

ሚስቱ ቀደመችው። «ሰኞ እናቴን ይዞ ሆስፒታል ነው የዋለው!»

«እንግዲያው የጋራዡን ስልክ ያነሳው እሱ አይደለም።» መርማሪዋ ወደ እሷ ዞረች፤ ድምፅዋን ቀነሰች። «እህቴ፣ ያንቺ መኪና የኤርባግ መብራት በርቶ አልነበረም?»

«ነበር። ፊውዝ ‹ሳጥኑ ተቃጥሏል፣ አይጠገንም፤ አዲስ እስኪመጣ አትንጂ› አለኝ። እናቴን ታዲያ በምን ላድርሳት? ኋላ አባዬ ‹አዲሱ መጣ፣ ገጠምኩልሽ› አለኝ።»

«መቼ?»

«እሁድ።» ቃሉ እንደወጣት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አዲሱ የደረሰው አርብ ነው። እስካሁንም ከካርቶኑ አልወጣም» አለች መርማሪዋ። «ካቴናውን ፍቱለትና ያቺን መኪና ይክፈት።»

ፊውዝ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። «ሦስት ደቂቃ እንጠብቅ፤ ውስጡ ኃይል ይቀራል» አለ። ያን ሦስት ደቂቃ ለማንም አያድርስ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ባለጋራዡ ግድግዳ ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ፊውዝ በካቻቢቴ ክዳኑን አነሳ፣ ብሎኖቹን ፈታ፣ ሳጥኑን አወጣው። ጆሮዎቹ ላይ የቀይ መስመር ቁራጭ አለ። ሲከፍተው ሁለቱ ብየዳዎች ገና አዲስ ናቸው።

«ይሄ የኔ ነው» አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ የሚባል ነገር አልነበረም።

«እስከ ሳምንት ብዬ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «የጋራዥ ወግ ነው፤ ከአንዱ ትፈታለህ፣ ለሌላው ታስራለህ፣ ዕቃ ሲመጣ ትመልሳለህ። ስንቴ አድርገነዋል! ልጄ የታመመች እናቷን ጭና በየሁለት ቀኑ መንገድ ላይ ናት። ዓይኔ እያየ ባዶዋን ልልቀቃት?»

መምህሩ ፊታቸው ሄዶ ቆመ። «ስትደውልልህ ምን አለችህ?»

«ተወኝ ልጄ…»

«ምን አለችህ!»

«‹አባባ፣ መኪናዋን ላምጣት ወይስ ልሂድ?› አለችኝ።»

«አንተስ?»

«‹ሂጂ› አልኳት። ብታመጣት ፊውዝ ያየዋል።»

መምህሩ ጎማ ክምር ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ እንኳ ይሄን ሳወራ አንጀቴ ይቃጠላል።

«ይሄ ልጅስ? አስር ቀን ታስሮ ራሱን ሲረግም?» አለች መርማሪዋ።

«ልናገር ነበር» አሉ ባለጋራዡ። «ግን ብናገር ልጄ በሟቿ ሳጥን እንደምትሄድ ታውቃለች አልኩ። እንዴት ትችለዋለች አልኩ።»

ካቴናው ወደ ሽማግሌው እጅ ተዛወረ። መርማሪዋ የሴትየዋን ትከሻ ነካች። «ባልሽ ነፃ ነው። ይዘሽው ግቢ።»

ሴትየዋ ባሏን አላየችውም። የአባቷን ሸሚዝ ደረታቸው ላይ ጨምድዳ ይዛ ትነቀንቃቸው ጀመር።

«አባዬ፣ በሌላ ሰው ነፍስ አድነኝ ያለህ ማን ነው? እኔ ነኝ? ንገረኝ፣ እኔ አልኩህ?»