ቦራ ባዶውን ስትልስ

«ውሸቷን ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ፣ አልቀየማችሁም። ውሸት ቢሆን ኖሮ እኔም በሰላም እተኛ ነበር።

የሆነው ባለፈው ሳምንት ነው። ሌሊት አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ በረት ውስጥ...

የምንተዳደረው ወተት በመሸጥ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና አማቴ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ መውለጃዬ ደርሷል።

ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ የምንላት ላማችን፣ የዚያን ቀን ጠዋት ወለደች።

ባለቤቴ ከበረቱ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ወለደች?» አልኩት።

«ነይ እስቲ... ቆይ፣ ቆይ። አትምጪ።»

እኔ ደግሞ አትምጪ ሲሉኝ እግሬ ይፈጥናል። ገባሁ።

ጥጃው ገለባው ላይ ተኝቷል። ገላው ሲያምር! ጥቁር፣ እግሩ የተስተካከለ። ራሱም አንድ ነው።

ፊቱ ግን ሁለት ነው...

ሁለት አፍንጫ። ሁለት አፍ። ዓይኑ ሦስት። መሀል ላይ ያለው ዓይን ከሌሎቹ ይተልቃል፤ እሱ ነው ቀድሞ ያየኝ።

አማቴ ከኋላዬ መጥታ በመዳፏ ዓይኔን ከደነችው።

«አትይው ልጄ! አንቺ ስታዪ ሆድሽ ውስጥ ያለውም ያያል!»

ባለቤቴ ሳቀ። ደስ ብሎት እንዳይመስላችሁ። የሚያደርገው ሲጠፋው የሚስቃት አንዲት ሳቅ አለችው።

እኔ አልሳቅኩም። በአማቴ መዳፍ ውስጥ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የኔስ ልጅ እንዲህ ሆኖ ቢወለድ?

የከብት ሐኪሙን ጠራነው። ሳይደነግጥ የቀረ እሱ ብቻ ነው። ተንበረከከና ጣቱን ለአንዱ አፍ ሰጠው። ጠባ። ለሌላው ሰጠው። እሱም ጠባ።

«ወይ የኔ ጌታ...» አለ እያሻሸው። «እርግማን ምናምን እንዳትሉ። ማህፀን ውስጥ ሲፈጠር የተሳሳተ ነገር ነው። ብዙ ላይቆይ ይችላል። ቢሆንም እንገሩን በጡጦ አጠጡት፤ እስካለ ድረስ አይራብ።»

እንገር ላም እንደወለደች የምትሰጠው ወፍራሙ ወተት ነው። በእኛ ቤት ደካማ ጥጃ ሲወለድ ጡጦ ይዤ የማጠጣው እኔ ነኝ። ሁሌም የኔ ሥራ ነው።

ሐኪሙ እንደወጣ አማቴ የበረቱን በር ዘጋች።

«ደንበኞቹ ቢሰሙስ?» አለች በሹክሹክታ። «ከእንግዲህ የቦራን ወተት ማን ይገዛናል? የሰፈር መሳለቂያ መሆናችን ነው!»

ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል።

ያን ጊዜ እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ... ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

«ይሙትና እንገላገል» አልኩ።

ጡጦው እጄ ላይ ነበር። ሞልቶ፣ ሞቅ ብሎ። መልሼ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩት።

ጥጃው ቀትር ሳይሆን ሞተ። አልጮኸም። ሁለቱ አፎቹ ብቻ እስከ መጨረሻው አየር ይጠቡ ነበር...

አሁን ስለ ቦራ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ጥጃዋን ፊቷ ካላየች ወተት አትለቅም። እንዲህ ያለች ላም ጥጃዋ ሲሞትባት ቆዳውን እንገፍና ገለባ ሞልተን፣ ሰፍተን ፊቷ እናቆመዋለን። ልጇ ይመስላታል። እየላሰች ትታለባለች።

«ራሱንስ?» አለ ባለቤቴ፣ ቢላዋ እንደያዘ።

«ቁረጠው!» አለች አማቴ። «ወተት ሊገዛ የመጣ ሰው በበሩ አጮልቆ ያንን ይይ?»

ቆረጠው። ከበረቱ ጀርባ ቆፍሮ ቀበረው። እኔ ቆዳውን ሰፋሁ። አንገቱ የነበረበትን ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ ዘጋሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ሊያልብ ተቀመጠ።

ቦራ የገለባውን ጥጃ አሸተተችው። ጀርባውን አልላሰችም። ሆዱንም አልላሰችም።

ቀና አለችና... ከከረጢቱ በላይ ያለውን ባዶ አየር መላስ ጀመረች።

«አበደች እንዴ?» አልኩ። ልስቅም ዳድቶኝ ነበር።

ከዚያ ምላሷን አየሁት።

አየር የሚልስ ምላስ ዝም ብሎ ይወዛወዛል። የሷ ግን ያርፋል... ይጫናል... ጉንጭ እንደሚልስ ምላስ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል።

ግራውን ላሰች። ቆም አለች። ቀኙን ላሰች።

ምራቋ መሬት አልወረደም። እዚያው አየር ላይ ቀርቶ ያብለጨልጫል።

«አየህ?» አልኩት።

«ዝም በይ... ወተቱ መጣልኝ።»

እውነቱን ነው፣ መጣ። ባልዲው ውስጥ ሲገባ እሰማዋለሁ። ጭርር... ጭርር...

አማቴ ከበሩ ላይ ሆና «ሞላልህ?» አለችው።

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አየ። አንድ እጁን ባልዲው ውስጥ ከተተና አወጣው።

ደረቅ ነው።

«እያለብኩ እኮ ነው...» አለ።

ያልባል! ነጩ ክር ከጡቷ ወጥቶ ባልዲው ውስጥ ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አያለሁ። የባልዲው ታች ግን ደረቅ።

«ተወውና ተነስ!» አለች አማቴ።

«እናቴ... እጄ እምቢ አለኝ።»

እጆቹ ብቻቸውን ማለብ ቀጠሉ።

ወተቱ ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ገባኝ። ማጠጣት የኔ ሥራ አይደል?

ሆዴን ደግፌ ራሱ ወደተቀበረበት፣ ከበረቱ ጀርባ ዞርኩ። ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ መዛቅ ጀመርኩ። አማቴ እየሮጠች ደረሰችብኝ።

«በሆድሽ ባለው ልጅ ይዤሻለሁ! ተይው!»

ጉድጓዱ ጥልቅ አልነበረም።

ራሱ ላይ አንዲት ቅንጣት አፈር የለበትም። ፀጉሩ እርጥብ ነው። ከታች ወደ ላይ ተልሶ ተኝቷል... ሦስቱም ዓይኖች ተከፍተዋል።

ቦራ እኮ በረት ውስጥ ታስራለች።

አማቴ ሻርፗን ፈታ ልትሸፍነው እጇን ዘረጋች። እጇን ያዝኩት። በሕይወቴ ክፉ ቃል መልሼላት አላውቅም።

«አይሸፈንም» አልኳት። «ነገ እኔ እንዲህ ያለ ብወልድስ? ጡጦውን ማን ይይዝልኛል? አንቺ ነሽ ወይስ ልጅሽ?... ወይስ እኔው ራሴ?»

ሻርፗን ወደ ራሷ ሰበሰበች። ያፈርኩትን ማፈር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ።

ራሱን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ይሞቃል። በሁለቱም አፎች ጥግ ወፍራም የእንገር አረፋ አለ።

ይውጣሉ።

ከበረቱ ጭርር ይላል... ግራው አፍ ይውጣል። ጭርር ይላል... ቀኙ ይውጣል።

የተቆረጠው አንገት ስር እጄን አደረግኩ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

የሚዋጠው ሁሉ ታዲያ ወዴት ይሄዳል ብዬ ሳልጨርስ... ሞቅ ያለ ነገር ሆዴ ውስጥ ሲወርድ ተሰማኝ። ልጄ ባለበት በኩል።

አማቴ መዳፏን ሆዴ ላይ አሳረፈች። ለእሷም ተሰማት። ሁለታችንም ቀና ብለን መተያየት አቃተን።

ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አፌ ገብቶ አያውቅም። አይርበኝማ። አማቴ ሰሃኑን አቅርባ፣ ዓይኗን ሰብራ ትቀመጣለች፤ ትንሽ ቆይታም እንዳለ ታነሳዋለች።

ባለቤቴ አሁንም በየቀኑ ቦራ ሥር ቁጭ ይላል። ባልዲ መያዝ ግን ትቷል።