ዳማን ማን አደረቀው?

የከብት ነጋዴው ሙሀመድኑር በገዛ ግቢው፣ ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። እጁ ላይ እስከ ክርኑ ድረስ የሳሙና አረፋ ደርቆበታል። ከማጅራቱ በላይ የፈሰሰው ደም ከእጥበቱ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ጎመኑ መደብ ወርዷል። ትንሽ ራቅ ብሎ ዳማ የሚባለው ቀይ ውሻ ከግራሩ ግንድ ታስሮ ይንቀጠቀጣል።

የከሚሴ ሰው ፍርድ ለመስጠት ሰነፍ አይደለም። ኢንስፔክተር ሰዒዳ ከባጃጅ ወርዳ ገና በሩን ሳትገፋ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። ሙሀመድኑር ከሰንበቴ ገበያ በተመለሰ ማግስት ውሻውን ከመዥገር ሊያጥብ ወጣ፤ ውሻው ደንባራ ነው፤ ደንብሮ ገመዱን ሲጎትት ጌታውን ድንጋዩ ላይ ጣለው። ስለዚህ ውሻው ከቀብር መልስ በጥይት ይመታል። የቀበሌው ሚሊሻ ከማል ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ሰው የገደለ ውሻ እንዴት ይኖራል? በሰፈሩ ልጆች አሉ» አላት።

«እስከ ቀብር መልስ የኔ እስረኛ ነው። እንዳትነካው።»

ከማል ሳቀ። ሰዒዳ ግን የምሯን ነበር።

የጨፋ ሮቢት ገበሬ ልጅ ናት። ከከብትና ከውሻ ጋር አድጋለች፤ ከሬሳ ጋር ደግሞ አርጅታለች። ድሮ ሬሳ ባየች ቀን እህል አይወርድላትም ነበር። አሁን ቁርሷን በልታ ነው የመጣችው፤ ያ ልብ የት እንደሄደ አታውቅም። አንዳንዴ ይናፍቃታል።

ሬሳውን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ወደ ውሻው ሄደች። ዳማ ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ሸሸ። ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ ሌላ ሌላውን እያየች ጠበቀችው። ጥቂት ሲረጋጋ የእጇን ጀርባ ጎኑ ላይ አሳረፈች። ደረቅ ነው። ፀጉሩን ከፈል አደረገችው፤ ሳሙና የለም፣ ተለቅልቋል። የጆሮው ውስጥ እንኳ ተጠርጓል። አንገቱ ላይ ግን የጣት ጭምቅ የመሰለ ሰንበር አለ፤ ውሻው ደግሞ ውሃ ትን እንዳለው ሰው ያስላል።

አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ጆንያ ዳሰሰች።

«ከእጥበት በኋላ የሚያደርቀው በዚህ ነው» አለ ከማል።

ጆንያው አቧራ እንደለበሰ ነው፤ ዛሬ አልተነካም።

ከግድግዳው ሥር በአሮጌ ቆርቆሮ የተከደነ ንጹሕ አፈር ክምር አለ። ውሻ ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ አፈር አይጠፋውም። በዚህ አገር እርጥብ ውሻ የነካው ሰው እጁንም ልብሱንም ሰባት ጊዜ ያጥባል፤ አንዱን በአፈር። ሰዒዳ ቆርቆሮውን አነሳች። አፈሩ ተዝቋል፤ አጠገቡም ጭቃ የቀባው ጆግ ተደፍቷል። የሬሳውን እጅ መለስ ብላ አየች። አረፋው እንዳለ ነው።

የሟች ሚስት ዙቤይዳ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አላህ ያጥናሽ፣ እህቴ። መጀመሪያ ያየሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ከጎረቤቶቼ ጋር ከገበያ ስንመለስ። ስሄድ በርሜሉን ውሃ እየሞላ ነበር።»

«ውሻውን ማን አሰረው?»

«ታስሮ ነው ያየሁት።»

«ነክተሽዋል?»

«እኔ? ወላሂ እዚህ ቤት ከመጣ ጀምሮ ነክቼው አላውቅም። እሱም ማንንም አያስነካም። ሙሀመድኑርን ብቻ፤ ያውም በጉልበት።»

«በጉልበት ስትይ?»

ዙቤይዳ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። «አላህ ይርሀመውና ክፉ አልነበረም። ችኩል ነው። ውሻው ሲታገለው አንገቱን ይዞ በርሜሉ ውስጥ ይደፍቀዋል። ያ ጩኸት... እኔ ሁልጊዜ ትቼ እወጣለሁ።»

«ዛሬ ልብስ አጥባችኋል?»

«የለም። የምናጥበው ሐሙስ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «ኢንስፔክተር፣ ማልቀስ ነበረብኝ አይደል? አልመጣልኝም እኮ።»

«ይመጣል» አለች ሰዒዳ። ለራሷም ደስ የሚል ነገር የነገረች መሰላት።

ጎረቤቱ አያ አብዶ በጠዋቱ እንግዳ ሰብስበው ጫት ላይ ነበሩ። እንግዶቹ አሁንም አልተነሱም፤ ምስክርነታቸውንም በአንድ አፍ ሰጡ። ዳማ ዶሮዎቻቸውን ስለፈጀባቸው አብዶ ኀዘናቸውን ከደስታቸው መለየት ቸግሯቸዋል።

«እኔን ከጠረጠርሽ እውነት አለሽ» አሉ። «ግን ልገድል የምፈልገው ውሻውን ነበር!»

«ጠዋት ምን ሰሙ፣ አያ?»

«የውሻውን ጩኸት። ከዚያ ድው! የሚል ነገር። ከዚያ ጸጥ። ቆይቶ ደግሞ ውሃ ሲንቦጫረቅ፣ አንድ ሰው ‹ኮቱ፣ ሂን ሶዳቲን› ሲል።» በኦሮምኛ «ና፣ አትፍራ» ማለት ነው።

«የሙሀመድኑር ድምፅ ነው?»

«እሱ ነዋ፣ ሌላ ማን ይሆናል?» አሉና አፋቸው ውስጥ ያለው ጫት ሳይታኘክ ቆየ። «ብቻ... በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ሙሀመድኑር ዝቅ ብሎ ሲናገር ደግሞ ሰምቼው አላውቅም።»

የሟች ታናሽ ወንድም ኸይረዲን ከጓሮ በኩል ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል፤ ሰዓት ይጠግናል። ወታደር ሆኖ ባድመ ድረስ ሄዷል። ከተመለሰ ወዲህ ሰው ጋ አይጠጋም፤ ከጸሎትና ከመታጠብ ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም። እጁ በውሃ ብዛት ተሰነጣጥቋል። ወንድሙ ውጭ ተዘርግቶ እሱ የሰዓት ክዳን ይወለውላል።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ተኝቼ።»

«ምንም አልሰማህም?»

«አልሰማሁም።»

«ዳማ ለምዶሃል?»

«ውሻ ነጃሳ ነው፤ ያረክሳል። አልጠጋውም፤ ሲመጣም እሸሻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብኛል።»

«ደረቅ ቢሆንም?»

«ደረቅ ምንም የለበትም» አለ ኸይረዲን፣ ቁርኣን ቤት እንደሚመልስ ልጅ ፈጠን ብሎ። «እርጥብ ከሆነ ነው።»

ሰዒዳ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከመስኮቱ ሥር ሣሩ ተጠቅጥቆ፣ የውሻ ልክ ጎድጓዳ መኝታ ሆኗል፤ ቀይ ፀጉር ተነጥፎበታል። ከዚያ ማዶ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንድ ሽርጥ ብቻውን ተሰጥቷል። ገና ይንጠባጠባል፤ ጠርዙ ላይም አፈር ቀርቷል።

«ሽርጡ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ላብ ነክቶት ነው ያጠብኩት።»

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ፈቀደ፤ ሙሀመድኑርም ከዐስር ሰላት በፊት ተቀበረ። ሰው ከመቃብር ሲመለስ ሰማዩ አጉረመረመ፤ ያልተጠበቀ ዝናብ ወርዶ ወርዶ አባራ። ከግራሩ ሥር የታሰረውን ውሻ ያስታወሰ አልነበረም። ውሃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ፣ ነጎድጓዱ ባለ ቁጥር መሬት ለመሬት እየተለጠፈ ቆየ።

ሰዒዳ ዙቤይዳን፣ አብዶንና ኸይረዲንን በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ከማል ጠመንጃውን አውርዶ ይጠብቃል።

«ቶሎ ብለን እንጨርሰው፣ ሊመሽ ነው» አለ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አለች ሰዒዳ። «ዳማን ማን አደረቀው?»

ሁሉም ወደ ግራሩ ሥር አዩ።

«ውሻው ጌታውን ጎትቶ ጣለ አላችሁ። ገመድ የያዘ ሰው ሲጎተት በግንባሩ ነው የሚደፋው። ሙሀመድኑር የወደቀው በጀርባው ነው፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ገፍቶታል። ደግሞ ጌታውን የጣለ ውሻ ተመልሶ ሄዶ ራሱን ከግራር አያስርም።»

አብዶ «ሱብሃነላህ» አሉ፤ ይህ ለሳቸውም ግልጽ ነበር።

«ሙሀመድኑር ሲሞት ውሻውን ገና በሳሙና እያሸ ነበር፤ አረፋው እጁ ላይ ደርቋል። እኔ ስደርስ ግን ውሻው ተለቅልቆ፣ ጆሮው ሳይቀር ተጠርጎ ደርቋል። ሬሳ አጠገብ ቁጭ ብሎ ውሻ ያደረቀ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው አያ አብዶ አይደሉም፤ ከነእንግዶቻቸው ቤታቸው ነበሩ። ዙቤይዳም ከገበያ የመጣችው ከሰው ጋር ነው።»

«ወንድሙ...» አለች ዙቤይዳ፤ ወደ ኸይረዲን ግን አልዞረችም።

«ያደረቀው በጆንያው አይደለም። የለበሰውን ሽርጥ ፈትቶ ነው። ከዚያ ሽርጡንም እጁንም በአፈር አጠበ። ላብ በአፈር አይታጠብም፣ ኸይረዲን። ደረቅ ውሻ ምንም የለበትም ያልከኝም አንተ ነህ።»

ኸይረዲን የራሱን እጅ ያያል።

«ከክፍልህ ስትወጣ ሞቶ አግኝተኸው ቢሆን ሰው ትጣራ ነበር። አልተጣራህም። መጀመሪያ ውሻውን ነው ያረጋጋኸው፤ ‹ኮቱ፣ ሂን ሶዳቲን› ብለህ። ማንንም የማያስነካ ውሻ ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ ከመስኮትህ ሥር ተኝቶ ሲሰማው ነው የኖረው።»

ሰዒዳን ስጋት ገባት፤ ኸይረዲን ቃሉን ካልሰጠ ያላት ማስረጃ አንድ እርጥብ ሽርጥ ነው። ዳኛ ደግሞ በሽርጥ አይፈርድም።

ከማል ትዕግሥቱ አለቀ። «እንግዲህ ያመነ ሰው የለም። ውሻውን ልውሰደው?»

«ፍታው» አለች ሰዒዳ።

ከማል ገመዱን ፈታ። ዳማ ግን ከእጁ አመለጠውና ግቢውን አቋርጦ፣ ሆዱ መሬት እየነካ ወደ በረንዳው መጣ። ሁሉም ልብሳቸውን ሰብስበው ሸሹ። ኸይረዲን ለሰላት ታጥቦ ውዱእ እንዳለው፣ የቀብር ንጹሕ ልብሱን እንደለበሰ ተቀምጦ ቀረ። ውሻው ከነውሃው፣ ከነጭቃው ራሱን ጉልበቱ ላይ ጣለ።

ኸይረዲን አልሸሸም። የተሰነጣጠቀ እጁን አንስቶ እርጥቡ ራስ ላይ አሳረፈው።

«ተኩስ የሰማሁ ቀን እኔም እንዲሁ ነው የምሆነው» አለ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። «እሱ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ ሆነን ሲነጋ እናያለን። ነክቼው ግን አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ጭንቅላቱን በርሜሉ ውስጥ ደፈቀው። ይጮሃል። ጩኸቱ ቆመ። ሮጬ ወጣሁ፤ ተወው አልኩት። ዞር ብሎ ‹ግባ› አለኝ። ገፋሁት። ሲወድቅ አየሁት፤ መተንፈስ ማቆሙንም አየሁ። ምንም አልተሰማኝም። ውሻው ነው የሚንቀጠቀጠው። ሳሙናው ዓይኑ ገብቶ ነበር፤ አጠብኩት።»

«ውሻውን ሊገድሉት ሲሉ ግን ዝም አልክ» አለች ሰዒዳ።

«ዝም አልኩ» አለ። ያኔ ነው ድምፁ የተሰበረው። «ወንድሜን ስቀብር ያልመጣ ነገር አሁን መጣ። እኔ ነኝ የገደልኩት። እሱን ተዉት።»

ዙቤይዳ ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ እንባዋም እዚያው ወረደ፤ ለየትኛው ወንድም እንደሆነ አልለየችም።

ሰዒዳ ካቴናውን አወጣች። የኸይረዲን እጅ ጭቃና ፀጉር ብቻ ነው።

«ታጠብ፤ እጠብቅሃለሁ።»

«አይ። ይሁን» አለና ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋላት።

ሲወስዱት ዳማ እስከ በሩ ተከተለው፤ በሩ ሲዘጋም እዚያው ቆሞ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከማል ጠመንጃውን ሊያነግት ይሁን ሊያነጣጥር ሳይታወቅ ዙቤይዳ መሀል ገባች።

«አንተም ሂድ። ውሻው እዚሁ ነው የሚኖረው።»

አጥሩ ላይ ያለውን ጆንያ አወረደች። ውሻ እንዴት እንደሚደርቅ አታውቅም፤ ጆንያውን ከሩቅ ወረወረችበት፤ ቆይታ ተጠጋች፤ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ጀርባውን ታሸው ጀመር። ጆሮው ጋ ስትደርስ ቀስ አለች። ሲደርቅላት ጆጉን አንስታ ወደ አፈሩ ሄደች።