ከላሊበላ አክሱም፣ የአንድ ሰዓት መንገድ

ከሪማ መካ፣ ጀርወል ሰፈር ተወልዳ ያደገች የወሎዬ ልጅ ናት። ጁነዲንን ያወቀችው በ1973 ዓ.ም. ጅዳ፣ አየር መንገዱ ቢሮ ውስጥ ነበር፤ ደሴ ላለችው አክስቷ መድኃኒት ልትልክ ሄዳ። ከበረራው ጋር የሚመላለሰው ዝምተኛው የአውሮፕላን መካኒክ እሽጉን ተቀብሎ፣ «እኔው ራሴ አደርስላታለሁ» አላት።

አደረሰላትም። የአክስቷን ደብዳቤ ይዞ ሲመለስ፣ ከሪማ ደብዳቤውን ሳትከፍት እሱን እሱን ስታይ ቆየች።

አባቷ ሀሺም ግን አልወደዱትም። «አየር ላይ ለሚውል ሰው ልጄን አልሰጥም፤ ኸላስ!» አሉ። ከስንት ልመና በኋላ ነው፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ ኒካሁ ሐሙስ መካ እንዲታሰር የፈቀዱት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። የቢሮው ቲኬት ቆራጭ፣ ጓደኛዋ ምንትዋብ ነበረች።

«ከሪምዬ፣ ጁነዲን ያለበት አውሮፕላን ጠዋት ከላሊበላ ተነሥቶ... አክሱም አልደረሰም።»

አባትና ልጅ ወዲያው ጅዳ ወዳለው ቢሮ ገሰገሱ።

«መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?» አሉ ሀሺም፣ ገና በሩ ላይ ሳሉ።

«ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ አባባ። በዳኮታ አውሮፕላን ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው» አለች ምንትዋብ።

«ከተነሣስ?»

ምንትዋብ አቀረቀረች። «አራት ሰዓት አለፈው።»

ሀሺም ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ያንን አገር በልጅነቴ በእግሬ አቋርጬዋለሁ። ተራራ ነው፣ ገደል ነው። ሜዳ የሚባል የለውም።» መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ያ ረቢ፣ ልጄን አውጣልኝ!»

ከሪማ ቀና አለች። ልጄ ያሉት ጁነዲንን ነበር።

የቴሌክሱ ማሽን ሲንኳኳ ሦስቱም ተነሡ። ምንትዋብ ወረቀቱን ቀድዳ አነበበች።

«አክሱም በደመና ተሸፍኖ ማረፍ አልቻሉም። ሬዲዮው ተበላሽቶ ነው ዝም ያሉት። መቀሌ ወርደዋል። ሁሉም... ሁሉም ደኅና ናቸው!»

ከሪማ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ እየሳቀች አለቀሰች። ሀሺም ፊታቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ምንትዋብ ዞሩ።

«አንቺ ክርስቲያን ስለሆንሽ መካ አትገቢም አይደል? በቃ፣ ኒካሁ እዚሁ ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር፣ ወንድሜ ቤት ይሁን። አንቺ ሳትኖሪ አይሆንም።»

በማግስቱ ጁነዲን ከአዲስ አበባ ደወለ። «ሐሙስ አልደርስም» አለ እየፈራ። «አባትሽ ምን ይሉኛል?»

ሀሺም ስልኩን ከልጃቸው እጅ ነጠቁ። «ቀኑ የአላህ ነው። አንተ ብቻ ደኅና ግባ!»

በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ጅዳ ገባ። ኒካሁ ታስሮ ወደ ሴቶቹ ክፍል ሲያመጡት፣ ከሪማ ከምንትዋብ ጎን ተቀምጣ ነበር። ስታየው ብድግ አለች።

«መጣህ» አለችው።

«መጣሁ» አላት።